አቶ ቆይ እና መጠበቅ የማያውቀው ሰርቨር

የእህቴን ባል በምንሠራበት ሆስፒታል በስሙ የሚጠራው የለም። ፊት ለፊት ኢንጂነር ይሉታል፤ ዞር ሲል አቶ ቆይ ነው። ስሙን ያወጣችለት የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ ናት፣ አፏ ይባረክ። ሰው ሲጠይቀው ቆይ፣ ስልክ ሲደወልለት ቆይ፣ ኮሪደር ላይ ደህና አደርክ ሲሉት እንኳ ጣቱን ቀስሮ ቆይ ይላል፤ ምን እንደሚያስብ እንጃ፣ ትንሽ ቆሞ ያልፋል። እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። መስኮቴ ከሰርቨር ክፍሉ በር ፊት ለፊት ስለሆነ በሥራ ቀን ስንተያይ እንውላለን፣ በእረፍት ቀን ደግሞ እህቴ ቤት አገኘዋለሁ። ከእሱ የማርፍበት ቀን የለኝም ማለት ነው።

የተቀጠረው ሆስፒታሉ ካርዱን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲቀይር ነው። ያኔ ቀጭን፣ አንገተ ረጅም፣ ሸሚዙን እስከ መጨረሻው ቁልፍ የሚቆልፍ ወጣት ነበር። ሰርቨሩ፣ ማለትም ዋናው ኮምፒውተር፣ ከመኪና ሲወርድ ተሸካሚዎቹን ገፍትሮ ራሱ አቀፈው። ደረጃው ላይ ተደናቅፎ ክርኑ ተላጠ፣ ሰርቨሩን ግን አልለቀቀም። የዚያን ዕለት ታናሽ እህቴ እኔን ልትጠይቅ መጥታ ነበር። ደሙን አይታ ደንግጣ በመሐረቧ ጠረገችለት፤ ነገሩ እዚያው ደረጃ ላይ ተጀመረ። ምነው መሐረቧን ቤት ረስታ በመጣች እላለሁ እስከ ዛሬ።

ክፍሉን ሲረከብ መጀመሪያ ያደረገው ቁልፍ ማስቀየር ነው። ቀጥሎ ነጠላ ጫማ ገዛ። አቧራ ለማሽን ጠላት ነው እያለ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ በነጠላ ጫማ ነው የሚገባው። ቤቱ ሲገባ ግን ጭቃ የረገጠበትን ጫማ እንደተጫማ እህቴ አጥባ ባነጠፈችው ምንጣፍ ላይ ይንጎራደዳል። አንድ ቀን ይህንኑ ብነግረው፣ ቤት ውስጥ ሰርቨር የለማ አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሰርቨሩ የሚሠራው ሊኑክስ በሚሉት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ስለ ሊኑክስ የማውቀው ሁሉ ከእሱ አፍ የሰማሁት ነው፤ ሳልፈልግም ሰምቻለሁ። ችግሩን በየጊዜው ስለሚያስረዳን ሸምድጄዋለሁ። መብራት ይጠፋል። የመብራት ማቆያው ባትሪ ከሞተ ቆይቷል፣ ይገዛል ይባላል እንጂ የሚገዛው የለም። መብራት ሲመለስ ሰርቨሩ ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል፣ ውስጡ ያሉት ፕሮግራሞችም በየተራቸው ይነሳሉ። የእኛ የካርድ ፕሮግራም ግን የሕመምተኞቹን ፋይል የሚያመጣው ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ራጅ ክፍሉ አጠገብ ከተቀመጠ ሌላ ኮምፒውተር ነው። እሱን ማኅደር እንለዋለን። ወደ ማኅደሩ የሚወስደው መንገድ ኔትወርኩ ነው፤ የኔትወርኩ ገመዶች የሚሰኩበት ሳጥን ደግሞ አሮጌ ስለሆነ እስኪነቃ ጊዜ ይፈጃል። የካርድ ፕሮግራሙ ይነሳና ማኅደሩን ይፈልጋል፣ መንገዱ አልተከፈተም፣ የለም ብሎ ተመልሶ ይተኛል። ከተኛ ተኛ ነው። በኋላ ኔትወርኩ ቢመጣ፣ ማኅደሩም ቢነሳ፣ እስቲ ልሞክር አይልም። እኔ መስኮት ላይ የሚታየው ባዶ ስክሪን ነው፤ ሲስተም የለም።

ሲስተም የለም ማለት ምን እንደሆነ ካርድ መስኮት ላይ ያልተቀመጠ ሰው አያውቀውም። ልጅ ታቅፋ የመጣች እናት ፊት ቁጭ ብለሽ ሲስተም የለም ትያለሽ። ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ይዘው ዓይን ዓይንሽን ያዩሻል፣ ሲስተሙን አንቺ ደብቀሽ የያዝሽው ይመስል። ይሰድቡሻል፣ ይረግሙሻል፣ አንዳንዱም አልቅሶ ይለምንሻል። ያኔ ነው ኢንጂነራችን የሚመጣው።

አይሮጥም። መሮጥማ ክብሩን ይነካዋል። ኮሪደሩን እየተጎማለለ ይመጣል፣ በር ላይ ይቆማል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ነጠላ ጫማውን ያጠልቃል፣ ቆይ፣ ማንም እንዳይገባ ይላል፣ በሩን ይዘጋል። እዚያ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ኔትወርኩ መምጣቱን አይቶ የተኛውን ፕሮግራም በእጁ መቀስቀስ ነው፤ በቃ፣ ሌላ የለውም። ሲወጣ ግን ግንባሩን በክንዱ ጠርጎ፣ ድንጋይ ሲፈልጥ የዋለ መስሎ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወጥቶ ትከሻውን ቸብ ቸብ ያደርገዋል፣ ያለ አንተ ይህ ቤት በሩን ይዘጋል ይለዋል። አንድ ዓመትማ ብሶባቸው የማይተካ ሠራተኛ የሚል የምስክር ወረቀት ሰጡት። በፍሬም አድርጎ ሳሎን ሰቀለው። የተሰቀለበት ቦታ ቀድሞ የሠርጋቸው ፎቶ የነበረበት ነው፤ ፎቶው ዛሬ ቁም ሣጥን ላይ ተጋድሟል።

ለምን አይስተካከልም ላለው ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የማሽኑ ጠባይ ነው። በእርግጥ በጊዜው አንድ ነገር ሞክሮ ነበር። ፕሮግራሙን ከኔትወርክ በኋላ ተነስ ብሎ አዘዘው፤ ፕሮግራሙም እሺ ብሎ ያው ተኛ። ከዚያ ወዲህ ሽንጡን ገትሮ አይቻልም እንዳለ ነው። እኛም ተቀበልን። መብራት ሲጠፋ ማንም ሰው ምንም ነገር አይነካም፣ ሁሉም አንገቱን ወደ ሰርቨር ክፍሉ አዙሮ አቶ ቆይን ይጠብቃል። የቤቱ ደንብ ሆነ።

ታዲያ ይህ ሰውዬ ከተማውን ለቆ አያውቅም። ለቅሶ አይሄድም፣ ሠርግ አይሄድም፣ የገዛ ወንድሙን ልጅ እንኳ በፎቶ ነው የሚያውቀው። መብራት ቢጠፋስ ይላል። እህቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ከቤቷ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዋን አቁማ የሰፈሩን ቀሚስና ሱሪ ትሰፋለች። ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ብቻዋን መዋል፣ ብቻዋን መሄድ ለመደች። በዚያ ላይ ሌላ አመል አለበት። ማታ ከሥራ ሳይነሳ ይደውልላትና ወጥቻለሁ ይላል። እሷ እራት ታቀርባለች። እሱ ከዘበኛው ጋር በር ላይ ቆሞ ስለ ማሽኑ ሲያወጋ ያመሻል፣ ምግቡ ይበርዳል። ኋላ ብልህ ሆነች። ወጥቻለሁ ሲላት እሺ ትለዋለች፣ የግቢው በር ሲንኳኳ ነው ሳህን የምታነሳው።

ከዚያ ዓይኗ መጣ። መጀመሪያ ስፌቷ ጠመመ። ደንበኞቿ እያፈሩ መለሱላት፣ እሷም ፈታ እንደገና ሰፋች። ቀጥሎ የበሩን መቃን በትከሻዋ መግጨት ጀመረች። በጎን በኩል ያለ ነገር አይታየኝም ስትለኝ እጇን ይዤ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳት። ግላኮማ አላት። የዓይን ግፊት ነው፤ ነርቩን እየተጫነ ይገድለዋል፣ የሞተው ደግሞ ተመልሶ አይነሳም አለን። ቀዶ ጥገናው የሚሠራው በሌላ ከተማ ነው፣ በአውቶቡስ ቀን ሙሉ ያስኬዳል። አስታማሚ ይዛ ካልመጣችም አይቀበሏትም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ሲደርስ ሻንጣቸውን ይዘው መናኸሪያ ወረዱ። አውቶቡሱ ውስጥ ገብተው ተቀምጠዋል፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቷል። ስልኩ ጮኸ። ሥራ አስኪያጁ ነው፣ መብራት ጠፍቶ መጥቷል፣ ሲስተም የለም። የእኔ ጀግና ተነሳ። ቆይ፣ አስነስቼው መጣሁ አላት። አውቶቡስ ቆይ ቢሉት የሚቆይ መስሎታል። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ እህቴም ሻንጣዋን ጎትታ ወረደች። ሆስፒታል እንደደረሰ ፕሮግራሙን ቀሰቀሰና ግንባሩን ጠረገ። እኔ መስኮቴ ላይ ሆኜ አየሁት፤ እሷ መናኸሪያ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ እንደነበር ያወቅሁት ግን ማታ ነው።

ለሁለተኛው ቀጠሮ ከቤትም አልወጡ። በዚያው ሳምንት ጄኔሬተር ይቀየራል ተብሎ መብራት ይቆራረጥ ነበርና፣ አሁንማ እንዴት ብዬ ብሎ ሙግት ያዘ። እህቴ አልተሟገተችውም። የመንገድ ጫማዋን አውልቃ ስፌቷ ላይ ተቀመጠች። እኔ ግን የአፌን ሁሉ ነገርኩት፤ እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከዚያ በኋላ ነው የግራ ዓይኗ የጠፋው። እንደ ሻማ ሳይሆን ቀስ እያለ፣ ከዳር ወደ መሐል። ሐኪሙ ሲያያት ራሱን ነቀነቀ። የግራው አልቋል፣ የቀኙም ተጀምሯል፣ የሚቀጥለው ቀጠሮ ካለፈ እኔን አትጠይቁኝ አለ። እህቴ መርፌ ክር ለማስገባት ጎረቤት መጥራት ጀመረች። እንጀራዋ ስፌት የሆነ ሰው ክር ለማስገባት ሰው ስትጠራ ምን እንደሚሰማት እስቲ አስቡት።

እኔ አስታምማታለሁ፣ ፈቃድ ወስጄ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። አልፈለገችም።

«ባል እያለኝ እህት አታስታምመኝም፣ እትዬ» አለች። «ቀኑ ሲደርስ እሄዳለሁ። ከመጣ መጣ። ካልመጣ አስታማሚ የለሽም ይሉኛል፣ እኔም ባል እንደሌለኝ አውቄ እመለሳለሁ።»

እሱ ይህን ሲሰማ ምን አለ ትላላችሁ? ቆይ አለ።

የመንገዱ ዋዜማ ደረሰ። ጠዋት ኮሪደሩ ላይ ይዤው ነገ ትሄዳለህ አይደል አልኩት። እስቲ የነገውን መብራት እንየው አለኝ። የምሳ ሰዓት እስኪደርስ ቁጭ ብድግ ስል ቆየሁ፤ የካርድ መስኮቱ እንደተዘጋ ሰርቨር ክፍሉን በርግጄ ገባሁ። ጫማዬን አላወለቅሁም። እግሬን አይቶ አፉን ሊከፍት ሲል ፊቴን አየና ተወው።

ፕሮግራሙ ለምን ራሱን ችሎ እንደማይነሳ ንገረኝ አልኩት፤ ለሥራ አስኪያጁ በሚነገረው ቋንቋ ሳይሆን በሰው ቋንቋ። ስለ ማሽኑ ንገረኝ ካሉት እምቢ አይልም፣ ነፍሱ ነው። ወንበሩን አዙሮ ተያያዘው። ፕሮግራሙ ትዕዛዝ ይሰማል፣ ከኔትወርክ በኋላ ተነስ ሲባልም እሺ ይላል አለ። ችግሩ፣ ኔትወርኩ ተነስቻለሁ የሚለው መነሳት ሲጀምር ነው እንጂ መንገዱ ሲከፈት አይደለም። ፕሮግራሙም ያንን ሰምቶ ይወጣል፣ መንገድ የለም፣ ይተኛል።

«እንደ አንተ ነዋ» አልኩት። «ወጥቻለሁ ትልና ከዘበኛ ጋር በር ላይ ትቆማለህ።»

አልሳቀም።

«እህቴስ ምን አደረገች? ወጥቻለሁን ትታ የበሩን መንኳኳት መጠበቅ ጀመረች። ለዚህ ፕሮግራምህም፣ ኔትወርኩ ወጣሁ ሲል ሳይሆን ሲደርስ ተነስ ማለት አይቻልም?»

ይህን ሰው አውቀዋለሁ። የማያውቀውን ነገር ሲጠይቁት ብዙ ያወራል። ያን ጊዜ ግን ዝም አለ። ነጠላ ጫማውን በአውራ ጣቱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፣ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። ነገሩ ገባኝ።

«ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቀው?»

«ቆይቷል።»

«ከመናኸሪያው በፊት?»

ራሱን ዝቅ አድርጎ በአዎንታ ነቀነቀ። ጠረጴዛው ላይ ሰርቨሩን አቧራ የሚያራግፍበት ለስላሳ ብሩሽ ነበር። በእሱ እንዳልመታው ብዬ እጄን ወደ ኋላዬ አደረግሁ።

«እትዬ፣ እኔ እዚህ ቤት ምንድን ነኝ?» አለ በቀስታ። «መብራት ካልጠፋ በሬን የሚያንኳኳ የለም። ራሱ ከተነሳማ እኔን ማን ይፈልገኛል?»

«አንድ ሰው አለች» አልኩት። «በአንድ ዓይኗ እየፈለገችህ ነው።»

እንባው መጣ። ቢመጣስ፤ ለእንባው ጊዜ አልነበረኝም። ሥራ አልኩት። ወደ ኪቦርዱ ዞሮ ጻፈ። እዚያ ጋ የጻፈው ነገር ብዙ አልነበረም፤ እህቴ አንድ ቁልፍ ቀዳዳ የምትሰፋበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ጨረስኩ፣ እንግዲህ መብራት ሲጠፋ እናየዋለን አለ። መብራት እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሰው አግኝቷል። ወጣሁና ካርድ ክፍሉ፣ ሰርቨሩና ማኅደሩ ያሉበትን የአስተዳደሩን ክንፍ መብራት የሚያጠፋውን ማብሪያ ማጥፊያ፣ እሱ አይሆንም እትዬ እያለ ሲከተለኝ፣ ቷ አድርጌ አወረድኩት። ሕመምተኞች የተኙበት ክፍል መስመሩ ሌላ ነው፤ እሱን አውቃለሁ፣ እብድ አይደለሁም። ሥራ አስኪያጁ ማነው ይህን ያደረገው እያለ ከቢሮው ብቅ አለ። ቆዩ ጌታዬ አልኩት። ከለመደው ሰው ሳይሆን ከእኔ ሲሰማው ግራ ገብቶት ቆየ።

መልሼ አበራሁት። ሰርቨሩ ጮኸ፣ ተነሳ። መስኮቴ ላይ ሄጄ ስክሪኑን አየሁ። ባዶ ነው። ሲስተም የለም።

ተመልሼ ስገባ እሱ ማሽኑ የጻፈውን እያነበበ ነው። ኔትወርኩን ጠብቆታል፣ ትዕዛዙ ሠርቷል አለኝ፤ መንገዱም ተከፍቷል። ማኅደሩ ግን ከሰርቨሩ ይልቅ ቀርፋፋ ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ በመንገዱ ሄዶ በሩ ላይ ሲደርስ ቤቱ ገና ተዘግቷል። ይህን ሲያስረዳኝ ፊቱ በራ። ጉንጩ ሞላ። ድምፁ ያ የኢንጂነር ድምፅ ሆነ፤ አየሽ፣ ቀላል አይደለም፣ ብዬሽ ነበር ሊል ሲዳዳው አየሁት።

«ደስ አለህ አይደል?» አልኩት።

ፊቱ ወዲያው ረገበ። ዞሮ መጻፍ ጀመረ። አሁን የሚያደርገውን እየነገረኝ ነው የጻፈው፣ ሳልጠይቀው። ፕሮግራሙ ኔትወርኩ ብቻ ሳይሆን ማኅደሩም ተከፍቶ ፋይሎቹ እጁ እስኪገቡ እንዲጠብቅ አደረገ። ያም ሆኖ ካላገኘ፣ የለም ብሎ በዚያው መተኛት ቀርቶ ትንሽ አርፎ ደግሞ እንዲሞክር፣ እስኪያገኝ ድረስ እንዲሞክር አዘዘው። ሁለተኛውን ጊዜ መብራቱን ራሱ ሄዶ አጠፋው።

መስኮቴ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ። ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ ማንም ሳይነካው የካርዱ ገጽ ተከፈተ። የሕመምተኞቹ ስም ከላይ እስከ ታች ተደረደረ። ተነሳ አልኩት በመስኮቱ ቀዳዳ። እሱ በነጠላ ጫማው ኮሪደሩ መሐል ቆሞ ነበር፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፍቶታል። ግንባሩን አልጠረገም።

ወደ ቤት ስንሄድ ለመነኝ።

«ዓይኗ ከመጥፋቱ በፊት መፍትሔውን አውቀው እንደነበር አትንገሪያት» አለኝ። «ሌላውን ሁሉ ንገሪያት።»

እሺም እምቢም አላልኩትም።

በማግስቱ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። ስልኩን በእጁ ጨብጧል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ አሻግሬ አየሁት፤ እህቴን አቅፎ ሳይሆን ስልኩን ደረቱ ላይ ይዞ ነው የሄደው። ወይ ጉድ አልኩ፣ ብቻዬን።

እህቴ ቀዶ ጥገና በምትገባበት ቀን እኛ ዘንድ መብራት ጠፋ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ነው። እንደ ልማዱ ሁሉም አጉረመረመ፣ እንደ ልማዱ ሁሉም አንገቱን ወደ ሰርቨር ክፍሉ አዞረ። ሥራ አስኪያጁ ኢንጂነሩ የታለ፣ ደውሉለት እያለ እየተጣደፈ መጣ። የመድኃኒት ክፍሏ ልጅ ስልኳን አወጣች። እጇን ያዝኩት። መብራት መጣ። ሰርቨሩ ተነሳ። ሁላችንም የተዘጋውን በር እያየን ሳለ የእኔ ስክሪን በራና የካርዱ ገጽ ተከፈተ። ማን አስነሳው ተባለ፤ ማንም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ እሰይ ብሎ ወደ ቢሮው ተመለሰ። ሌላ ምንም አላለም። ያ ትከሻ ሲቸበቸብለት የኖረ የማይተካ ሠራተኛ በአንድ እሰይ ተተካ፤ ከሰዓት በኋላ ስለ እሱ የሚያወራ አልነበረም።

ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው። እኔ ስለ እህቴ ሊነግረኝ ነው ብዬ ፈጥኜ አነሳሁት።

«እትዬ፣ መብራት አልጠፋም?»

«ጠፍቶ መጣ።»

«እና?»

«ተነሳ።»

ማን ነካው አለኝ፤ ማንም አልኩት። ሥራ አስኪያጁስ ምን አለ አለኝ፤ እሰይ አለ አልኩት። ስለ እኔስ ሊለኝ ሲል ድምፁ ተቆረጠ፣ እኔም አልጨረስኩለትም። እህቴስ አልኩት። ገብታለች፣ በሩ ላይ ቆሜ ነው አለኝ። እንግዲያው ጠብቅ አልኩት። ስልኩን ሊዘጋ ሲል በር ሲከፈት ሰማሁ፣ የአልጋ ጎማ ሲንጫጫ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የእህቴን ድምፅ። የግራው የጠፋ፣ የቀኙ የታሸገ፣ ምንም አታይም፤ የሰማችው እሱ በስልክ ሲያወራ ብቻ ነው።

«ሆስፒታሉ ነው? ልትሄድ ነው?» አለችው።

መልሱን ለመስማት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት።

«አልሄድም» አላት። «አልተጠራሁም።»

የቀኝ ዓይኗ ተረፈ። ሐኪሙ ባለችበት ትቆያለች አለ፤ የሄደው ሄዷል። ስትመለስ ልጠይቃት ሄድኩ። ስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣ ፊቷ ፈክቷል፣ ብዙ ዘመን እንዲያ ስትደሰት አላየኋትም። እሱ አጠገቧ ነው። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲው ነው የተቀመጠው፤ አይቻለሁ፣ አላመሰገንኩትም።

«አየሽው፣ እትዬ?» አለችኝ። «አንቺ ሁልጊዜ ታሚዋለሽ። ለእኔ ሲል ሰርቨሩን ጥሎት መጣ። እዚህ መብራት ጠፍቶ እንኳ ጥሎኝ አልሄደም።»

ነገሩ አፌ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብቻ ነው የቀረኝ። እሱ ቀና ብሎ አየኝ፣ ፊቱ አመድ መስሏል። የእህቴን ፊት አየሁ፤ ደስታዋ ያለው እዚያች በቀረችው ዓይኗ ውስጥ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዋጥኩት። ለእናንተ ነገርኳችሁ እንጂ ለእሷ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።

ግን በነፃ አልለቀቅሁትም። እህቴ ቤት በሄድኩ ቁጥር መርፌና ክሩን አንስቼ እጁ ላይ አስቀምጥለታለሁ። እሱም ምንም ሳይል ይቀበለኛል፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ የክሩን ጫፍ ያርሳል፣ በቀዳዳው ያስገባል። እህቴ ተባረክ ትለዋለች። እሱ ግን መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው፣ እኔም አየዋለሁ።